መወልወያው ተሸጠ፤ ገንዘቡስ የት ገባ?

(በማህበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ሰብሳቢያችን ስለ ሂሳብ አያያዝ እንድናገር ሲጋብዙኝ እሺ አልኩ። ቀኑ ሲቃረብ ደግሞ «በአንድ ፊልም አድርጌ ነው የማቀርበው» ስላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። ዴቢትና ክሬዲት ብዬ ብጀምር ቡናው ሳይፈላ ግማሹ ሰው እንደሚያንቀላፋ ስለማውቅ ነው። ሌላም ምክንያት አለኝ። በሂሳብ ሥራ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ካየኋቸው ፊልሞች ውስጥ የአንዲትን ሴት ንግድ ከሃሳቡ ጀምሮ እስከ ብድሩ፣ እስከ ፊርማው፣ እስከ ኪሳራው ድረስ ወርዶ ያሳየኝ ይሄኛው ነው። ብዙ ሰው ግን ከፊልሙ የሚያስታውሰው የሽያጩን ቀን ብቻ ነው። እኔ ዛሬ የምነግራችሁ ከሽያጩ ቀን በፊት ስለነበረው፣ በተለይ ደግሞ ከዚያ ቀን በኋላ ስለመጣው ነው።

ፊልሙ «ጆይ» ይባላል። ጆይ ማለት ደስታ ማለት ነው፤ እዚህ ብትወለድ ስሟ ደስታ ይሆን ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የአሜሪካ ፊልም ሲሆን ዳይሬክተሩ ዴቪድ ኦ. ራስል ነው። ዋናዋን ሴት ሆና የሠራችው ጄኒፈር ሎውረንስ ናት። በዚህ ሥራዋ የጎልደን ግሎብ ሽልማት አግኝታለች፣ ለኦስካርም ታጭታ ነበር። መነሻው እውነተኛ ሰው ነው። ጆይ ማንጋኖ የምትባል፣ ኒውዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ ያደገች፣ ከባሏ ተለያይታ ሦስት ልጆች የምታሳድግ ሴት እ.ኤ.አ. በ1990 እጅ ሳይነካው የሚጨመቅ የወለል መወልወያ ፈጠረች። ስሙን «ሚራክል ሞፕ» አለችው፤ ተአምረኛው መወልወያ እንደማለት ነው። ፊልሙ የእሷን ሕይወት አንድ በአንድ አይናገርም። የተጨመረ አለ፣ የተቀየረ አለ፤ ለምሳሌ በፊልሙ ልጆቿ ሁለት ናቸው። ስለዚህ «በፊልሙ» ስላችሁ ፊልሙን ማለቴ ነው፤ ስለ እውነተኛዋ ሴትዮ ስናገር ለይቼ እነግራችኋለሁ። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ሁለት መዝገብ ማደባለቅ አልወድም።

ታሪኩ የሚጀምረው ከቤቷ ነው። ጆይ ባሏን ፈትታለች፤ ባሏ ግን አልሄደም፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ይኖራል። ዘፋኝ እሆናለሁ የሚል ሰው ነው። እናቷ ክፍሏን ዘግታ፣ አልጋዋ ላይ ሆና ከጠዋት እስከ ማታ ተከታታይ ድራማ ታያለች። (አትሳቁ፣ እዚህም የማውቃቸው አሉ።) አባቷን ሮበርት ዴ ኒሮ ነው የሚሠራው። አብራው የነበረችው ሴት ሲሰለቻት አምጥታ ጆይ ቤት ታራግፈዋለች፤ እሱም ወርዶ ምድር ቤቱን ከቀድሞ አማቹ ጋር ይካፈላል። አያቷ አለች። ልጆቹ አሉ። ቧንቧ ሲያፈስ ወለል ከፍታ የምትጠግነው ጆይ ናት። የቤቱን ዕዳ የምትከፍለው ጆይ ናት። ቀን ቀን ደግሞ አንድ አየር መንገድ ውስጥ ተቀጥራ ትሠራለች።

ይህን ቤት ሳይ የእኛ የብድር ማመልከቻ ቅጽ ትዝ አለኝ። «የቤተሰብ ብዛት» የሚል ሳጥን አለው። አባላት ስድስት ወይም ሰባት ብለው ይሞላሉ። ከስድስቱ ስንቱ ያግዛል፣ ስንቱ ይጠብቃል የሚል ጥያቄ ግን የለውም። የጆይ ቤት በቅጹ ላይ ቢሞላ ብዙ አዋቂ ያለበት፣ የሰው ጉልበት የተረፈው ቤት ይመስላል። በመዝገብ ሲታይ ግን አንድ ገቢ ብቻ ያለው፣ ወጪው ብዙ የሆነ ቤት ነው። በነገራችን ላይ ይህን ሳጥን እንድናስተካክለው ለኮሚቴው በጽሑፍ አቅርቤያለሁ።

ጆይ ልጅ እያለች ከወረቀት ብዙ ነገር ትሠራ ነበር። እውነተኛዋ ጆይ ማንጋኖም በወጣትነቷ የእንስሳት ሕክምና ቤት ውስጥ ስትሠራ ውሾች በሌሊት መኪና እንዳይገጫቸው የሚያበራ የአንገት ማሰሪያ አስባ ነበር። ሃሳቡን አላስመዘገበችውም። በዓመቱ ገደማ አንድ ኩባንያ ተመሳሳይ ዕቃ ገበያ ላይ አወጣ። በፊልሙም ይህ ነገር ተነስቷል፤ የሴትየዋ ቁጭት ከዚያ ይጀምራል። ቁጭት ብቻውን ግን ዕቃ አይሆንም።

ዕቃው የመጣው እንዲህ ነው። አባቷ ትሩዲ ከምትባል ሀብታም ባልቴት ጋር ይተዋወቃል። ትሩዲን ኢዛቤላ ሮሴሊኒ ናት የምትሠራት። ቤተሰቡ በትሩዲ ጀልባ ላይ ሲዝናና ቀይ ወይን ይደፋል፣ ብርጭቆ ይሰበራል። የሚጠርገው ማን ነው? ሁሉም ቆሞ ጆይን ያያል። ወለሉን ወልውላ መወልወያውን በእጇ ስትጨምቅ የብርጭቆው ስብርባሪ መዳፏን ይቆራርጠዋል። ቤቷ ገብታ እጇ በፋሻ እንደተጠቀለለ የልጇን የቀለም እርሳስ አንስታ ወረቀት ላይ መሳል ትጀምራለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የእውነተኛው መወልወያ ጭንቅላት የተሠራው 300 ጫማ ከሚሆን፣ ማለትም ወደ 90 ሜትር ከሚጠጋ፣ ሳይቆራረጥ ከሚዞር የጥጥ ገመድ ነው። ውሃ እንዲይዝ ነው ይህን ያህል የበዛው። የሚጨመቀው እጀታው ላይ ባለው ነገር ነው፣ እጅ ቆሻሻውን ውሃ አይነካም። እንግዲህ ከእኛ መካከል በባልዲ ውስጥ በረኪና አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ መወልወያ ያልጨመቀ ማን አለ? እጃችን ቢላጥ የምናስበው የእጅ ቅባት መግዛት ነው። እሷ ያሰበችው ዕቃውን መቀየር ነው። በዚያ ዘመን መወልወያ የሚሠሩ ኩባንያዎች አልጠፉም፤ ባለቤቶቻቸው ግን ወለል የሚወለውሉ ሰዎች አልነበሩም ብዬ እገምታለሁ። በየቀኑ የሚያስቸግረንን ነገር አጥብቀን የምናውቀው እኛ ነን። ይሄ ዕውቀት በሂሳብ መዝገብ ላይ አይጻፍም እንጂ ሀብት ነው።

አሁን ገንዘቡ ጋ ደረስን።

ጆይ ለመነሻ የሚሆን ገንዘብ የላትም። ያላት ትሩዲ ናት። ትሩዲ ከሟች ባሏ የወረሰችውን ገንዘብ ከማበደሯ በፊት ጆይን አስቀምጣ ትጠይቃታለች። ከጥያቄዎቿ አንዱ በጣም ይገርማል። ከተፎካካሪሽ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ብትሆኚ፣ ጠረጴዛው ላይ ሽጉጥ ቢኖር፣ ታነሺያለሽ ወይ የሚል ነው። ጆይ አነሳለሁ ትላለች። ትሩዲም ደስ ይላታል። ተመልካቹ ይስቃል። እኔ ግን ከሽጉጡ ይልቅ የገረመኝ ያልተጠየቀው ነው። አንድ መወልወያ ለመሥራት ስንት ትፈጂያለሽ? ስንት ትሸጪዋለሽ? ገንዘቤ የሚመለሰው መቼ ነው? ባይመለስስ? ከዚህ አንዱም አይነሳም። ልብ አላት ወይ ተብሎ ተጠየቀ፤ ሂሳብ አላት ወይ ተብሎ አልተጠየቀም።

ሌላው ደግሞ ይህ ነው። ገንዘቡ የትሩዲ ነው። የሥራ ቦታው የአባቷ ጋራዥ ነው። ጉዳዩን የሚያየው ጠበቃ ከትሩዲ ወገን የመጣ ነው። የአባቷ ሌላ ልጅ ፔጊም በሥራው ትገባለች። ማን ምን ሰጠ፣ የሰጠውስ ስጦታ ነው፣ ብድር ነው፣ ወይስ ድርሻ ነው? ሦስቱ በመዝገብ ላይ ሦስት የተለያየ ቦታ ነው የሚጻፉት። ስጦታ አይመለስም። ብድር ይመለሳል፣ ከተመለሰ በኋላ ግን አበዳሪው በንግዱ ላይ ቃል የለውም። ድርሻ የሰጠ ሰው ደግሞ ትርፉንም ኪሳራውንም ይካፈላል፣ በውሳኔም ይገባል። በጆይ ቤት ሦስቱ ተደባለቁ። ገንዘብ የሰጠውም፣ ቦታ የሰጠውም፣ ምክር የሰጠውም ሁሉም ባለቤት ሆነ። ፊልሙ መጨረሻ ላይ እንደሚነግረን ጆይ ከበለጸገች በኋላ አባቷና እህቷ ኩባንያው የእኛ ነው ብለው ከሰሷት፤ አልተሳካላቸውም። እሷ ግን እነሱን መርዳቷን አልተወችም።

ከመካከላችን አንዷ አባል፣ ፈቅዳልኝ ነው የምናገረው፣ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ትሸጣለች። ስትጀምር ወንድሟ ለማስፈጫና ለመያዣ ዕቃ የሚሆን ብር ሰጣት። ወረቀት አልተጻፈም፤ የእናት ልጅ ነው፣ ማን ይጽፋል? በሁለተኛው ዓመት ገበያው ሲደራላት ብሩን ቆጥራ ወሰደችለት። እሱ አልቀበልም አለ። ብድር ሳይሆን ድርሻ ነው የሰጠሁሽ፣ ስለዚህ ግማሹ የእኔ ነው አለ። ሁለቱም እውነት የሚናገሩ ይመስለኛል። ስትቀበል ብድር መስሏት ተቀበለች፤ ሲሰጥ ድርሻ መስሎት ሰጠ። በዚያ ዓመት በፋሲካ አልተጠያየቁም። አሁን በሽማግሌ ታርቀዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግማሽ ገጽ ወረቀትና ሁለት ፊርማ የጎደለው ነገር ነው ያን ሁሉ ያመጣው። ከዘመድ ጋር መጻፍ ያሳፍራል የምትሉኝ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ የምፈራው ሳይጻፍ ቀርቶ የሚመጣውን ነው።

ስለ ሽያጩ አጠር አድርጌ ልንገራችሁ፤ ፊልሙን ስታዩ ራሳችሁ ትደሰቱበታላችሁ። መጀመሪያ ከጓደኛዋ ጋር በአንድ ትልቅ መደብር የመኪና ማቆሚያ ላይ ቆማ ለማሳየት ትሞክራለች፤ ከቦታው ያስነሷታል። ቀጥሎ ኪውቪሲ የሚባል፣ ዕቃ በቴሌቪዥን እያሳየ በስልክ የሚሸጥ ጣቢያ ዘንድ ትደርሳለች። እዚያ ያለውን ኃላፊ ብራድሌይ ኩፐር ነው የሚሠራው። እሱ ይፈቅድላትና 50,000 መወልወያ አዘጋጂ ይላታል። ይህን ለማምረት ቤቷን እንደገና መያዣ አድርጋ ትበደራለች። የጣቢያው ሻጭ ወንድ ነው። ዕቃውን እንኳ በደንብ ሳይለምደው ካሜራ ፊት ይቆማል፣ አንድም አይሸጥም። ጆይ ተመልሳ ሄዳ እኔው ራሴ ልቅረብ ትላለች። ቀሚስ ሊያለብሷት፣ ፀጉሯን ሊሠሩላት ይፈልጋሉ፤ እሷ ግን ቤት የምትለብሰውን ሸሚዝና ሱሪ ለብሳ ትወጣለች። መብራቱ ሲበራ አፏ ይያዛል። ጓደኛዋ እንደ ደንበኛ ሆና ትደውልና ታናግራታለች፤ ከዚያ አንደበቷ ይፈታል። ስልኩ መጮህ ይጀምራል።

እውነተኛዋ ጆይ ማንጋኖም እ.ኤ.አ. በ1992 በዚያው ጣቢያ ራሷ ቀርባ ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ 18,000 መወልወያ ሸጣለች። በሱሪና በሸሚዝ ስለመቅረቧ ብዙ ተብሏል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ዕቃውን የሸጠችው ስለምታውቀው ነው። የትኛው ወለል ላይ ምን እንደሚሆን፣ ጥጡ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ለምን ርካሹን ደጋግሞ ከመግዛት ይሄ እንደሚሻል መልስ አላት። በባዛር ላይ ለመሸጥ የተቀጠረች ልጅ «ዋጋው ስንት ነው?» ስትባል ወደ ባለቤቷ የምትጮህበትን ጊዜ አስቡት።

ብዙ ፊልም እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ይሄኛው ግን ከዚህ በኋላ ነው ለእኔ የሚጀምረው።

አያቷ ትሞታለች። ቤቱ በሐዘን ላይ እያለ በሌላ ከተማ ያለው፣ የመወልወያውን የፕላስቲክ ክፍሎች የሚሠራላት ፋብሪካ ዋጋ ይጨምራል። ጆይ በሐዘን ላይ ስለሆነች እህቷ ፔጊ ሄዳ ትደራደራለች፤ እንዲያውም ጭማሪውን ተቀብላ ትከፍላለች። ማንም ሂሳቡን አልሠራም።

እኛ እንሥራው። ቁጥሮቹ እንዲገባን ብዬ ያወጣኋቸው ናቸው፣ የፊልሙ አይደሉም። አንድ መወልወያ ለጣቢያው በ12 ዶላር ይገባል እንበል። ለማምረት 11 ዶላር ይፈጃል። ትርፉ 1 ዶላር ነው፤ በ50,000 ሲባዛ 50,000 ዶላር። አሁን የፕላስቲኩ ዋጋ በ2 ዶላር ጨመረ። ወጪው 13 ሆነ። መሸጫው ያው 12 ነው። አንድ በሸጠች ቁጥር 1 ዶላር ከኪሷ ትጨምራለች። 50,000 ሸጠች ማለት 50,000 ዶላር ከሰረች ማለት ነው። 100,000 ብትሸጥ 100,000። ስልኩ በጮኸ ቁጥር፣ ሰው ባጨበጨበ ቁጥር ዕዳዋ ያድጋል። በቴሌቪዥን የሚያያት ሰው ሀብታም ሆነች ይላል፤ መጋዘኗ ባዶ ነው፣ ሁሉም ተሽጧል። ቤቷ ግን በባንክ እጅ ነው።

በዚህ ዓመት የዘይት፣ የዱቄትና የከሰል ዋጋ ስንት ጊዜ እንደተለዋወጠ ለእናንተ አልነግርም። ድፎ ዳቦ እየጋገራችሁ ለካፌ የምታስረክቡ እህቶች ዋጋ የተስማማችሁት መቼ ነው? ከዚያ ወዲህ ወጪያችሁን ስንቴ አሰላችሁት? ደግሞ የራሳችሁን ጉልበት ከወጪ ውስጥ አስገብታችኋል? ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተነሳችው ሴት ደመወዝ የላትም ወይ? ብዙ ጊዜ ስጠይቅ «እኔማ ቤቴ ነኝ» ነው የምትሉኝ። ታማችሁ አንድ ሳምንት ሰው ብትቀጥሩ ያ «እኔማ ቤቴ ነኝ» ስንት ብር እንደሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል።

ፔጊን ክፉ ሰው ናት ማለት ይቀለናል። ፊልሙም እንድንጠላት ይገፋፋናል፤ ይሄ ከፊልሙ ድክመት አንዱ ይመስለኛል፣ ቤተሰቡን ሁሉ ትንሽ ካርቱን አድርጎታል። እኔ ግን ፔጊ ላይ ከመፍረድ በፊት እንድትፈርም ማን ፈቀደላት ብዬ ነው የምጠይቀው። ንግዱ ውስጥ ማን ምን ያህል ብር ማውጣት እንደሚችል፣ ማን ዋጋ መቀበል እንደሚችል አልተወሰነም። የእኛ ማህበር ቼክ ላይ ሁለት ፊርማ የሚያስፈልገው እርስ በርስ ስለማንተማመን አይደለም። ሐዘን ይመጣል፣ ሕመም ይመጣል፣ ጉዞ ይመጣል። በዚያ ቀን ማን ምን እንደሚወስን ቀድሞ መታወቅ ስላለበት ነው።

ጆይ ፋብሪካው ድረስ ትሄዳለች። እዚያ ስትደርስ ሰዎቹ ንድፏን የራሳቸው ለማድረግ እየሠሩ እንደሆነ ትደርስበታለች። ከዚህ ቀደም ደግሞ የትሩዲ ጠበቃ ቴክሳስ ያለ አንድ ሰው ተመሳሳይ መብት አለው፣ እንዳይከስሽ ክፈዪው ብሏት ከፍላለች። ያንን ምክር ያመነችው ሌላ ሰው ሳትጠይቅ ነው። ዕዳው ከአቅሟ በላይ ይሆናል። አባቷና ትሩዲ መክሰሯን የምታስታውቅበትን ወረቀት ፊቷ ያስቀምጡላታል፣ ትፈርማለች። አባቷ ጥፋቱ የእኔ ነው ይላል፤ ጥፋቴ ያላት አይመስላችሁ። ጥፋቱ ተራ የቤት እመቤት ከመሆን በላይ እንደምትችል እንድታስብ ማድረጉ ነው ይላታል። ልጁ ፊት ለፊቱ ቆማ። እኔ ይህን ክፍል ሁለተኛ ማየት አልወድም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አሥር ጊዜ ባየው አይሰለቸኝም። ሌሊት ነው። ጆይ ወለል ላይ ተቀምጣ የውል ወረቀቶቹን ሁሉ ዘርግታ ታነባለች። ሙዚቃ የለም፣ ጭብጨባ የለም፣ ወረቀት ነው ያለው። ገጽ በገጽ፣ ቀን በቀን፣ ፊርማ በፊርማ ታስተያያለች። እያነበበች ነገሩ ይገባታል። ስትከፍለው የኖረችው ሰው የእሷን ዕቃ የሚነካ መብት የለውም፤ ያለአግባብ ነው የበላት። ተነስታ መስታወት ፊት ፀጉሯን በመቀስ ትቆርጣለች። ከዚያ ቴክሳስ፣ ዳላስ ሄዳ ሰውየውን ሆቴል ክፍል ውስጥ ታገኘዋለች። አትጮህም፣ አታለቅስም። የምታውቀውን በተራ በተራ ትነግረዋለች፤ ሰውየው ሊያስፈራራት ይሞክርና ይተወዋል። መብቷንም ገንዘቧንም ታስመልሳለች።

አባቶቻችን «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይላሉ። ወረቀት ያሰራት ሴት የተፈታችውም በወረቀት ነው። ያንን ወረቀት ከመፈረሟ በፊት ብታነበው ኖሮ ፊልሙ በግማሽ ያጥር ነበር።

ይህን ስላነሳሁ ወደ እኛ አገር ሕግ ልምጣ፤ ከአባሎቻችን መካከል አዲስ ነገር የሠሩ ስላሉ ይመለከተናል። አዋጅ ቁጥር 123/1987 የሚባል አለ፤ ስለ ፈጠራ፣ ስለ አነስተኛ ፈጠራና ስለ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ የወጣ ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ለአዲስ ፈጠራ የሚሰጠው ፓተንት የሚያገለግለው ለ15 ዓመት ሲሆን ፈጠራው አገር ውስጥ በአግባቡ ሥራ ላይ ከዋለ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ብዙዎቻችን ፓተንት የሳይንቲስት ነገር ይመስለናል። አዋጁ ግን አነስተኛ ፈጠራ የሚለው ሌላ በር አለው። ለ5 ዓመት የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። የተሻሻለ ምድጃ፣ የተለየ ማሸጊያ፣ ሥራ የሚያቃልል የእጅ መሣሪያ የሠራች ሴት በዚህ በኩል ልትጠይቅ ትችላለች። የሚመለከተው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ባዛር ላይ አውጥታችሁ ለሰው ሁሉ ከማሳየታችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ቅጹን ለመሙላትና ወረቀቶቻችሁን ለማደራጀት ግን አብሬ እሄዳለሁ።

አንድ ነገር ፊልሙ ሳይመልስልኝ ቀርቷል። መወልወያዎቹን በጋራዡ ውስጥ ተቀምጠው የሚሠሩት ስፓኒሽ ተናጋሪ ሴቶች ናቸው። ጥጡን ያዞራሉ፣ ያስራሉ፣ ካርቶን ውስጥ ይከታሉ። ካሜራው ያልፋቸዋል። ስንት ይከፈላቸው ነበር? ጆይ ስትከስር የእነሱ ደመወዝ ምን ሆነ? ፊልሙ የአንዲት ሴት ነውና አይናገርም። የእኛ ሥራ ግን የቡድን ነው። የሽመናው ቡድን ትልቅ ትዕዛዝ ባገኘ ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ደንበኛው መቼ ይከፍላል የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ እሱ እስኪከፍል ድረስ ፈታዮቹ በምን ይቆያሉ የሚል ነው።

ደጋፊዎቻችን ስላላችሁ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ሪፖርታችን ላይ ሁልጊዜ የሚያምረው የሽያጩ ቀን ፎቶግራፍ ነው። አባሏ ዕቃዋን ይዛ ትስቃለች፣ እናንተም ደስ ይላችኋል፣ እኛም ደስ ይለናል። የልብስ ስፌት መኪና ለመግዛት ገንዘብ ስንጠይቅ ቶሎ ይገኛል። ውል የሚያነብ ጠበቃ ለአንድ ቀን ለመክፈል፣ ደረሰኝ ለማሳተም፣ ለአባላት የወጪ ስሌት ለማስተማር ስንጠይቅ ግን «አስተዳደራዊ ወጪ» ተብሎ ይቀነስብናል። በጆይ ታሪክ የጎደለው የስፌት መኪናው አይደለም። መኪናው ነበር፣ ገበያው ነበር፣ ጎበዟ ሴት ነበረች። የጎደለው ከትሩዲ ወገን ያልሆነ፣ ለእሷ ብቻ ወግኖ ውሉን የሚያነብላት አንድ ሰው ነው። በሚቀጥለው በጀታችን ላይ «የውልና የሂሳብ ምክር» የሚል መስመር ታያላችሁ። ስታዩት ይህን ፊልም እንድታስታውሱልኝ ነው የምጠይቀው።

እውነተኛዋ ጆይ ማንጋኖ ምን ደረሰች ብላችሁ እንዳትቀሩ፤ ኩባንያዋን እ.ኤ.አ. በ1999 ለአንድ ትልቅ የቴሌቪዥን ድርጅት ሸጣለች፣ ከዚያም በኋላ ሌሎች ዕቃዎችን ፈጥራ ሸጣለች። ከሁሉ በላይ የተሸጠላት ልብስ የማያንሸራትት፣ ቀጭን፣ በከፋይ የተሸፈነ የልብስ መስቀያ ነው፤ በመቶ ሚሊዮኖች ተሸጧል። መስቀያ ነው እንግዲህ። ምንም የሚያስደንቅ ማሽን የለበትም። የሚወድቅ ቀሚስ ከመሬት ማንሳት ሰልችቷት ይሆናል።

ፊልሙ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያልፋል፣ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህ በሚመጣው ወር ስብሰባ ላይ እያቆምን፣ እየተረጎምኩላችሁ አብረን እናያለን። ልጆች ያሏችሁ ይዛችሁ መምጣት ትችላላችሁ፣ የአንደኛ ደረጃ ልጆች ግን ይሰለቻቸዋል። እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ቢሮ አለሁ። ደረሰኞቻችሁን በፌስታልም ይሁን በካርቶን አምጡልኝ። የፈረማችሁበት ወረቀት ካለም አምጡ፤ ከባንክም ይሁን ከዕቃ አቅራቢ፣ ከወንድምም ይሁን። ቁጭ ብለን እናነበዋለን። አሁን ቡናው ደርሷል መሰለኝ፤ ጥያቄ ያላችሁ እየጠጣን ጠይቁኝ።